«እንግሊዝ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

ሰሞኑን አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህር ስለ ብሪታንያ የጻፉት የግል ትዝብት ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ የደረሰው በሦስት ሰው በኩል ነው። ሁለቱ «አንብበው፣ ግሩም ነው» ብለው ላኩልኝ። ሦስተኛው ምንም አልጻፈም፤ የሳቅ ምልክት ብቻ። የመምህሩ አማርኛ ያስቀናል። ሐሳባቸው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ብሪታንያ የሺህ ዓመት አንድ አገር ናት። ዲሞክራሲዋን ያለ ደም፣ በእርጋታ ገነባች። ቅኝ ግዛቶቿን በጨዋነት ለቀቀች። ከ1948 በኋላ የገባው ስደተኛ ማንነቷን አደበዘዘባት። በ2016 ሕዝቡ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ሲወስን «ወደ ራሱ ተመለሰ»። መጨረሻ ላይ መምህሩ ዊንዘር ግንብ ፊት ቆመው «የአገሪቱን ነፍስ ያየሁ መሰለኝ» ይሉናል።

እኔም የታሪክ ተማሪ ነኝ። ከ2012 ጀምሮ እዚህ ነው የምኖረው። መጀመሪያ አምስት ዓመት ግላስጎው፣ ከዚያ ወዲህ ለንደን። መምህሩን በአካል አላውቃቸውም፤ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«የሺህ ዓመት አንድ አገር»

ከስሙ እንጀምር። መምህሩ «እንግሊዝ» እና «ብሪታንያ» የሚሉትን ቃላት እያቀያየሩ ነው የሚጽፉት። አልፈርድባቸውም። አማርኛችን ራሱ እንደዚያ ነው። ንጉሡ የእንግሊዝ ንጉሥ፣ ጦሩ የእንግሊዝ ጦር፣ ኤምባሲው የእንግሊዝ ኤምባሲ። እኔም ግላስጎው በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ የነበሩ አሮጊት ሻይ ጋበዙኝና «እናንተ እንግሊዞች ሻይ ስትወዱ!» አልኳቸው። ኩባያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እንግሊዞች ይውደዱ አይውደዱ እኔ በምን አውቃለሁ? ሄደህ እነሱን ጠይቃቸው» አሉኝ። ያንን ስህተት ሁለተኛ አልደገምኩትም።

ነገሩ የአንድ አሮጊት ቁጣ ብቻ አይደለም። የሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት እንግሊዝ ናት። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ መንግሥት ሆናለች፤ እዚህ ላይ መምህሩ ልክ ናቸው። ብሪታንያ ግን ሌላ ነገር ናት። ዌልስ በሕግ ከእንግሊዝ ጋር የተቀላቀለችው በ1536 ነው። ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1603 አንድ ንጉሥ ተጋሩ፤ ግን ሁለት ፓርላማ ይዘው፣ ሁለት አገር ሆነው ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። አንድ መንግሥት የሆኑት በ1707 ነው። አየርላንድ በ1801 ተጨመረች፤ አብዛኛው ክፍሏ በ1922 ወጣ። ዛሬ ካርታ ላይ የምናያት አገር ከነድንበሯ ዕድሜዋ መቶ ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዓድዋ ድል ታንሳለች።

የ1707ቱ ውህደት እንዴት እንደመጣ መምህሩ አንድም መስመር አልጻፉም። ታሪኩ ግን ጣፋጭ ነው። ስኮትላንዶች በ1690ዎቹ መጨረሻ ዛሬ ፓናማ በምንላት አገር፣ ዳሪየን የሚባል ቦታ ላይ የራሳቸውን ቅኝ ግዛት ሊመሠርቱ ሞከሩ። ከመኳንንቱ እስከ ነጋዴው ያለውን ጥሪት አወጣ። በበሽታ፣ በረሃብና በስፔን ጦር አለቀ። አገሪቱ ባዶ እጇን ቀረች። እንግሊዝ ያን ጊዜ ነው በሯን ያንኳኳችው። ከውሉ ጋር 398,085 ፓውንድ ለስኮትላንድ ተከፈለ። ከገንዘቡ ውስጥ ደህና ድርሻ የሄደው በዳሪየን ለከሰሩት ነው። ኤዲንብራና ግላስጎው ውስጥ ሕዝቡ ውሉን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፣ ረበሸ። ፓርላማው ግን ፈረመ።

በዚህ ውል ስኮትላንድ ፓርላማዋን ሰጠች። ሕጓን፣ ፍርድ ቤቷን፣ ቤተ ክርስቲያኗንና ትምህርት ቤቷን አልሰጠችም። እስከ ዛሬም ይዛቸዋለች። የስኮትላንድ ባንኮች የራሳቸውን ብር ያትማሉ። እኔ ራሴ ከግላስጎው ይዤ የመጣሁትን ሃያ ፓውንድ ለንደን ውስጥ አንድ ባለሱቅ ሲያገላብጥ፣ ወደ መብራት ሲያነሳ ቆይቶ መልሶልኛል። ያው አንድ አገር፣ ያው አንድ ገንዘብ ነው እንግዲህ። ኳሱንም እዩት። ኦሎምፒክ ላይ አንድ ቡድን፣ ዓለም ዋንጫ ላይ አራት። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1872 ግላስጎው ላይ ተጋጥመው ዜሮ ለዜሮ ወጡ፤ በዓለም የመጀመሪያው የአገራት ጨዋታ የሚባለው እሱ ነው። ሁለቱም ቡድኖች የአንድ መንግሥት ዜጎች ነበሩ።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ብሪታንያዊነት የጥንት ዘር ወይም አንድ ወጥ ሕዝብ አይደለም። ውል ነው። ተዋዋዮቹ ሆን ብለው ብዙ ነገር ሳይጽፉ የተዉበት ውል። መምህሩ እንደ ጉድለት ያዩት ብዥታ ነው ሦስት መቶ ዓመት ያቆየው።

«ያለ ደም»

ይህን ቃል ሳነብ መነጽሬን አወለቅሁ። በ1649 ጃንዋሪ 30 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ለንደን መሐል፣ ሕዝብ እያየ አንገቱ ተቀልቷል። ከዚያ አገሪቱ እስከ 1660 ያለ ንጉሥ ነው የኖረችው። በዚያው በ1649 ንጉሡን ካሸነፉት የጦር መሪዎች አንዱ የሆነው የክሮምዌል ጦር አየርላንድ ውስጥ ድሮኸዳ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ አይሪሾች ዛሬም ይቆጥሩታል። በ1746 ከለደን በሚባል የጦር ሜዳ ላይ የሰሜን ስኮትላንድ ደገኞች ተጨፈጨፉ፤ ወንዶቻቸው ባህላዊ ልብሳቸውን እንዳይለብሱ በሕግ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጠው ያ ቀሚስ አንድ ዘመን ሰው ያሳስር ነበር።

«እነዚህ የድሮ ናቸው፤ እኔ የምለው ስለ ዲሞክራሲው ነው» ይሉ ይሆናል። እሺ። በ1819 ማንቸስተር ውስጥ የመምረጥ መብት ይሰጠን ብሎ የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር በጎራዴ ተለቀቀበት፤ ቢያንስ 15 ሰው ሞተ። ሴቶቹስ? ሲልቪያ ፓንክረስትን እኛ እናውቃቸዋለን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁመው የጮኹ፣ በ1960 አዲስ አበባ ያረፉ፣ መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያለ። እኚህ ሴት ለንደን ውስጥ የሴቶችን ድምፅ ስለጠየቁ ደጋግመው ታስረዋል። ሲጾሙም በጉሮሯቸው ቱቦ ተከቶ በግድ ተመግበዋል። ሴቶች ከወንዶች እኩል መምረጥ የቻሉት በ1928 ነው። መብቱን በእርጋታ ያበረከተላቸው ሰው የለም።

ሰሜን አየርላንድ ላይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ወደ 3,500 ሰው አልቋል። ይህ የሩቅ ዘመን አይደለም። በእኔ ዕድሜ ነው። እዚህ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ልጅ ሆነው በዜና የሰሙት ነው። «ያለ ደም» የሚባለው ለንደን ላይ ተቁሞ ብቻ ሲታይ ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። በ2022 አገሪቱ በአንድ ዓመት ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር አይታለች። ከሦስቱ አንዷ ሁለት ወር እንኳን አልሞሉም። ሥልጣን ሲለወጥ ደጁ ላይ የቆመው ታንክ ሳይሆን የዕቃ መጫኛ መኪና ነበር። በ2019ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማውን ሲዘጉ አሥራ አንድ ዳኞች በአንድ ድምፅ «ሕገ ወጥ ነው» አሏቸው፤ ፓርላማው በማግስቱ ተከፈተ። አንድ ላይ የተጠረዘ ሕገ መንግሥት በሌለበት አገር! ይህ ያስደንቀኛል። መምህሩ በዚህ ቢቆሙ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር።

ቅኝ ግዛት «በጨዋነት»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1947 ህንድን ለሁለት የከፈለው መስመር አምስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ነው የተሰመረው። ያሰመሩት ዳኛ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጠው አያውቁም። ድንበሩ ለሕዝብ የተነገረው ነጻነቱ ከታወጀ በኋላ ነው። በ2013 ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት ማው ማው በተባለው የፀረ ቅኝ ግዛት አመፅ ዘመን ለተሰቃዩ 5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ። በጨዋነት የወጣ ሰው ካሣ አይከፍልም።

አንዲት የግል ነገር ልጨምር። ባርነት በ1833 በሕግ ሲቀር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ። ለዚያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እኔ ያን ጊዜ ግላስጎው ውስጥ በሌሊት ሥራ ግብር እከፍል ነበር። ለባሪያ አሳዳሪ ካሣ ከፋይ ነበርኩ ማለት ነው። ደሞዝ ወረቀቴ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም።

ወደ ማንነቱ ጉዳይ ስንመጣ ግን ቅኝ ግዛቱ ሌላ ሥራ ነበረው። ስኮትላንዱን፣ ዌልሹን፣ አይሪሹን ከእንግሊዙ ጋር ያጣበቀው ሙጫ እሱ ነበር። ሥራው እዚያ፣ ሀብቱ እዚያ፣ ሹመቱ እዚያ። እኛ መቅደላ ላይ «እንግሊዝ መጣ» እንላለን። ማን ነበር የመጣው? በ1868 ከዙላ ተነስቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ጦር አብዛኛው ከህንድ የመጣ ወታደር ነበር። አዛዡ ጄኔራል ናፒየር የተወለዱት ኮሎምቦ፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ ነው። የአምባውን አጥር ዘልለው በመግባት ትልቁን የጀግንነት ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ የተሸለሙት ሁለት ወታደሮች ደግሞ አይሪሾች ናቸው። ያ ሥራ፣ ያ ዘረፋ፣ ያ ሹመት ሲቆም ሙጫው ደረቀ። በ1967 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሃሚልተን በተባለች ከተማ በማሟያ ምርጫ ያልተጠበቀ ድል አገኘ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልበረደም።

«ማንነቷን ያደበዘዘው ስደተኛ»

እዚህ ላይ ነው በደንብ የምንለያየው።

መምህሩ ታሪኩን የሚጀምሩት በ1948 ጁን 22፣ ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ያመጣቻቸውን ሰዎች ቲልበሪ ወደብ ላይ ስታወርድ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በእሳቸው አጻጻፍ ንጹሕና ጸጥ ያለ ደሴት ነው። ለንደን ምሥራቅ ብሪክ ሌን የሚባል መንገድ አለ። ጥግ ላይ በ1743 የተሠራ ሕንፃ ቆሟል። ያሠሩት ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ተሰደው የመጡ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ነበር። በኋላ የሜቶዲስቶች ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዶች ምኩራብ አደረጉት። ከ1976 ጀምሮ የቤንጋሊዎች መስጊድ ነው። ግድግዳው ላይ የፈረንሳዮቹ የፀሐይ ሰዓት አሁንም አለ። በላቲን «ጥላ ነን» ይላል። ግድግዳው አልተለወጠም። ለንደን የገባ ሰው ሁሉ ታወር ኦፍ ለንደን የሚባለውን ግንብ ያያል፤ እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚህ ነው።

ዊንድረሽ ላይ የነበሩት ሰዎች ደግሞ በሕጉ የውጭ አገር ሰው አልነበሩም። የብሪታንያ ተገዢዎች ነበሩ። ንጉሣቸው ያው ንጉሥ፣ የተማሩት ታሪክ ያው የለንደን ታሪክ። ብዙዎቹም በጦርነቱ ለብሪታንያ ያገለገሉ ናቸው። መርከቧ በደረሰች በሁለት ሳምንት የአገሪቱ ነጻ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። በኋላ በመርከብም በአውሮፕላንም እየመጡ ታማሚ ያነሱት፣ አልጋ ያነጠፉት፣ አውቶቡስ የነዱት እነሱና ተከታዮቻቸው ናቸው። ታዲያ በ2018 ምን ታወቀ? ከነዚሁ ሰዎችና ከልጆቻቸው ብዙዎቹ «ወረቀት የላችሁም» ተብለው ከሥራ ተባረዋል፤ ሕክምና ተከልክለዋል፤ አንዳንዶቹም ከአገር ወጥተዋል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ በዚሁ ሰሞን ሥልጣን ለቀቁ። ስደተኛው ብሪታንያን ሳይሆን ብሪታንያ የራሷን ሰዎች ነው የረሳችው።

«ማንነት ደበዘዘ» ስንል ማንነት በምን ይለካል? አንዱ መለኪያ የሕዝብ ቆጠራ ነው። በ2011 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 57.7 በመቶው ሰው «እንግሊዛዊ ብቻ ነኝ» አለ። «ብሪታንያዊ ብቻ» ያለው 19.1 በመቶ ነበር። በ2021 ተገለበጠ። «እንግሊዛዊ ብቻ» 14.9፣ «ብሪታንያዊ ብቻ» 54.8። በአሥር ዓመት ውስጥ ምን ተአምር ተፈጠረ? ለለውጡ ዋና ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው የቅጹ መለወጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2011 ቅጽ ላይ ከላይ የነበረው «እንግሊዛዊ» የሚለው ሳጥን ነበር፤ በ2021 «ብሪታንያዊ» ወደ ላይ ወጣ። ሚሊዮኖች ማንነታቸውን የመረጡት ከላይ ያለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። መምህሩ «ነፍስ» ያሉት ነገር በቅጽ አደራደር ይዞራል።

እኔ ራሴ ዜግነት ስጠይቅ ፈተና ተቀመጥኩ። 24 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ ለማለፍ 18 መመለስ። የሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች በቅደም ተከተል ሸመደድኩ። ማን እንደተፈታች፣ ማን እንደተሰየፈች። ሥራ ቦታ፣ ኬንት ተወልዶ ያደገ አለቃዬን ጠየቅሁት። ሁለቱን አወቀ፤ አንዷንም ተጠራጥሮ። «አንተ ከእኔ ይልቅ እንግሊዝ ነህ» ብሎ ሻይ ገዛልኝ።

በ2023 የሆነውንም እናስታውስ። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ህንዶች ናቸው። የስኮትላንድ መሪ ሁምዛ ዩሱፍ ነበሩ፤ አባታቸው ከፓኪስታን የመጡ። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈውን ውል «ይቀጥል» የሚለውም «ይፍረስ» የሚለውም የስደተኛ ልጅ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ዛምቢያ የተወለዱት ቮን ጌቲንግ የዌልስ መሪ ሆኑ። ማንነቱን ያደበዘዙት ሰዎች በማንነቱ ላይ እንዲህ አጥብቀው አይከራከሩም።

ቁጣው የለም አልልም። በ2024 ጁላይ መጨረሻ ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች በስለት ተገደሉ። ገዳዩ በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው የሚል ውሸት በሰዓታት ተናፈሰ። ካርዲፍ የተወለደ ልጅ ነበር። ግን ማን ሊሰማ። በብዙ ከተሞች ስደተኞች ያረፉበት ሆቴልና መስጊድ ተደበደበ። በዚያ ሳምንት እኛ ለንደን ያለን ሐበሾች ስልካችን ላይ የሚመላለሰው መልእክት አንድ ዓይነት ነበር። «ዛሬ በዚያ በኩል አትሂዱ»፣ «ልጆቹን በጊዜ አምጡ»። ከዚያ አንድ ምሽት እዚሁ ለንደን፣ ዋልተምስቶ ሰፈር በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገዱን ሞልቶ ወጣ። አድመኞቹን ሊያስቆም። እኛ ከምንፈራው ሰው የእነዚያ ቁጥር በዛ። ሁለቱንም አይቻለሁ። መምህሩ አንዱን ብቻ ጻፉ።

«ሕዝቡ ወደ ራሱ ተመለሰ»

የትኛው ሕዝብ? በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ «እንውጣ» ያለው 51.9 በመቶ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እንውጣ አሉ። ስኮትላንድ 62 በመቶ «እንቆይ» አለች። ሰሜን አየርላንድም 55.8። ለንደን ራሷ ወደ 60 በመቶ እንቆይ ብላለች። ከአራቱ ሁለቱ እንቢ ያሉትን ነገር «ሕዝቡ» ብሎ መጻፍ ለታሪክ ሰው ያስቸግራል።

«ወደ ራሱ» የሚለውም አለ። በ1975 ተመሳሳይ ሕዝበ ውሳኔ ነበር። ያን ጊዜ 67 በመቶው እንቆይ አለ። የሚገርመው፣ ያኔ አውሮፓን አጥብቃ የወደደችው እንግሊዝ ናት፤ 68.7 በመቶ። ስኮትላንድ 58.4፣ ሰሜን አየርላንድ 52.1 ብቻ። በአርባ ዓመት ተገላበጡ። እንግሊዝ የተመለሰችበት «ራሷ» የ1975ቷ ናት ወይስ የ2016ቷ?

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ወዲህ ነው። ስኮትላንድ በ1999 ፓርላማዋን መልሳ አገኘች። ዌልስም ሰሜን አየርላንድም ምክር ቤት አላቸው። እንግሊዝ የላትም። ማንም ጠይቋት አያውቅም። እንግሊዝ ማለት ብሪታንያ፣ ብሪታንያ ማለት እንግሊዝ ነው ተብሎ ተተወ፤ ልክ እንደ አማርኛችን። በ1966 እንግሊዝ ዓለም ዋንጫን ለንደን ላይ ስትበላ ደጋፊው ያውለበልብ የነበረው የብሪታንያን ባንዲራ ነው። በ1996 አውሮፓ ዋንጫ እዚያው ስታዲየም ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል፣ ነጭ ላይ ቀይ፣ ሞላው። በመሐል አንድ ነገር ተቀስቅሷል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሕዝበ ውሳኔ ሲመጣ ያ ስም ያልወጣለት ስሜት የሚወጣበት ቀዳዳ አገኘ። «እንግሊዝ ነኝ» የሚለው ስሜት የበረታበት ሰው አብዝቶ «እንውጣ» ነው ያለው።

በነገራችን ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስም የእንግሊዝን መሬት ረግጦ አያውቅም። የምሥራቅ ሰው ነው። እነሱ ኤፕሪል 23 ያከብሩታል፣ እኛ ሚያዝያ 23። እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ ቡድን ሰይመንለታል።

የስኮትላንድን ጉዳይ መምህሩ «በ2014 የተዘጋ» ይሉታል። ሴፕቴምበር 18 ቀን ግላስጎው ነበርኩ። ከተማዋ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው አልነበረም። ፀጉር ቤት፣ አውቶቡስ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ናይጄሪያዊው የቤት ተጋሪዬ መረጠ፤ ናይጄሪያ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ይፈቀድለታል። እኔ አልተፈቀደልኝም። ያልተገዛ አገር ልጅ መሆን እንዲህም ያስከፍላል ብለን ተሳሳቅን። ውጤቱ 55 ለ45 ነው፤ ከመራጩ 84.6 በመቶው ወጥቷል። ግላስጎው ግን «እንገንጠል» ብላ ነው ያደረችው። ጠዋት አሮጊቷ ጎረቤቴ በር ላይ አገኘኋቸው። ምን እንደመረጡ አልነገሩኝም። «ሻይ?» አሉኝ ብቻ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስኮትላንድ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችልም አለ። በዚህ የተቆለፈው በሩ ነው፤ ጥያቄው ውስጥ አለ።

አንድ ክፍል ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህሩ ሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ደርሃም ሄደው ከአንድ የድሮ የድንጋይ ከሰል ሠራተኛ ጋር ያወሩበት። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ልጆቹ ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ዋናው መንገድ ላይ የቀረው ውርርድ ቤትና ያገለገለ ልብስ መሸጫ ነው። ያ ሰው «አገሬን ሰረቁኝ» ሲል እውነቱን ነው። ይህን የመሰለ ከተማ እኔም አይቻለሁ። ግን ከ1984 እስከ 85 በተደረገው አድማ ማዕድን ሠራተኛውን የሰበረው ብራስልስ አይደለም። ስደተኛም አይደለም። ለንደን ነው። የሱ «እንውጣ» የሚል ድምፅ ለንደን ላይ የተወረወረ ድንጋይ ነበር፤ ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከኅብረቱ ከተወጣ በኋላም እስከ 2023 ድረስ የስደተኛው ቁጥር አልቀነሰም፤ ይባስ ጨመረ። ደርሃም ግን ያው ናት።

ዊንዘር

ወደ ግንቡ እንሂድ። መምህሩ «ነፍስ» ያዩበት ግንብ መሠረቱን የጣለው ከኖርማንዲ ባሕር ተሻግሮ በ1066 አገሪቱን የያዘ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገር ዊልያም ነው። እዚያ የሚኖሩት ነገሥታት ዊንዘር የሚለውን ስም የያዙት በ1917 ነው። ከዚያ በፊት ሳክስ-ኮበርግ-ጎታ ነበሩ። ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሆኖ የጀርመን ስም ይዞ መቀመጥ አላዋጣም። በዚያው ዓመት ለንደንን በቦምብ የሚደበድቡት የጀርመን አውሮፕላኖች ስማቸው ጎታ መሆኑ ነገሩን አባባሰው። ቤተሰቡ የግንቡን ስም ወሰደ።

ግንቡ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። መምህሩ እዚያ ስለ መግባታቸው አልጻፉም፤ ከገቡም አንድ ነገር አልፏቸዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እዚያ ነው ያረፈው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። እሱም በ1879 ሊድስ ላይ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር እንዲቀበር አደረጉ። በ2023 አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። ግድግዳው ላይ የነሐስ ጽሑፍ አለ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ከዚያ ከማቴዎስ ወንጌል አንድ ቃል፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»።

መምህር፣ የሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ትኬቱ በእኔ። እሑድ ብቻ አይሁን። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ ዝግ ነው።